ሁለቱ ክሮች፦ የቀዶ ሕክምና ስፌትና የሰውነት ኮላጅን

የሆድ ቀዶ ሕክምና ተጠናቆ የመጨረሻው ቋጠሮ ሲታሰር በቁስሉ ላይ ሁለት ዓይነት ክር ሥራውን ይጀምራል። አንደኛው ከፋብሪካ ታሽጎ የመጣው የስፌት ክር ነው። ይህ ክር ከመጀመሪያዋ ሰዓት አንሥቶ የሆድን ግድግዳ በሙሉ ኃይሉ ይይዛል፤ እንደ ዓይነቱ ግን ፈጥኖ ወይም ዘግይቶ እየደከመ ይሄዳል። ሁለተኛው ሰውነት ራሱ የሚፈትለው ኮላጅን ሲሆን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጉልበቱ ከምንም የማይቆጠር፣ በሳምንታትና በወራት ውስጥ ግን እየበረታ የሚሄድ ክር ነው። የቁስሉ ዕጣ በአብዛኛው የሚወሰነው የመጀመሪያው ሸክሙን ለሁለተኛው በሚያስረክብበት ወቅት ነው። ርክክቡ ከከሸፈ ወይ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የተሰፋው ሆድ ተመልሶ ይከፈታል፣ ወይም ከወራት በኋላ በጠባሳው በኩል ቡአ ይወጣል። ሁለቱም ለታካሚው ዳግመኛ ቀዶ ሕክምና ማለት ናቸው፤ የመጀመሪያው ደግሞ ለሕይወት የሚያሰጋ ነው።

እንዲህ ያለው ችግር ሲደርስ በተለምዶ ምክንያቱ የሚፈለገው በታካሚው የምግብ እጥረት፣ በሳሉ ወይም በኢንፌክሽን ላይ ነው። እነዚህ በእርግጥ ድርሻ አላቸው። ሆኖም ስለ ፋይበር ባሕርይ በምህንድስናም በሥነ ሕይወትም የተደረጉት ምርምሮች ጎን ለጎን ሲነበቡ፣ የጉዳዩ ትልቅ ክፍል በክሩ ምርጫና በስፌቱ አሠራር ላይ እንደሚያርፍ ይገለጣል። ይህ ደግሞ በሐኪሙ እጅ ያለ ነገር ነው።

የቀጭን ክር ምስጢር

እንግሊዛዊው መሐንዲስ አለን ግሪፊዝ በፋርንቦሮ በሚገኘው የአውሮፕላን ምርምር ተቋም ሲሠራ የብርጭቆ ክሮችን በተለያየ ውፍረት እየሳበ የመበጠሻ ጥንካሬያቸውን ለክቶ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1921 አሳተመ። አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ካለው ዘንግ ይልቅ ጥቂት ማይክሮን ብቻ የሚወፍረው ክር፣ ጥንካሬው ለእኩል ስፋት ሲሰላ፣ ወደ ሃያ እጥፍ የሚጠጋ ብልጫ ነበረው። ብርጭቆው ያው አንድ ዓይነት ነው። ልዩነቱን ያመጡት ዓይን የማያያቸው ስንጥቆች ናቸው። ስንጥቅ ባለበት ቦታ ውጥረት ይከማቻል፤ ስንጥቁ በረዘመ መጠን ለመበጠስ የሚያስፈልገው ጉልበት ያንሳል። በጣም ቀጭን በሆነ ክር ላይ ግን ረጅም ስንጥቅ የሚኖርበት ስፍራ የለም።

ከዚህ የሚከተለው ደንብ ቀላል ነው። ከአንድ ወፍራም ዘንግ ይልቅ ተጎንጉነው ወይም በማጣበቂያ ተያይዘው አብረው የሚሸከሙ ብዙ ቀጫጭን ክሮች ይመረጣሉ፤ አንዱ ቢበጠስ ስንጥቁ ወደ ጎረቤቱ አይሻገርምና። በፋይበርግላስና በካርቦን ፋይበር የተሠሩ የዛሬ ዕቃዎች ሁሉ የቆሙት በዚሁ ላይ ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ምሳሌ ስለ ሰዎች መተባበር ይነገር እንጂ ለመሐንዲሱ ቃል በቃል እውነት ነው።

ለቀዶ ሕክምና ባለሙያው ከግሪፊዝ ጥናት የሚገኘው ትምህርት ደግሞ ከስንጥቁ ጋር የተያያዘ ነው። አንድ ወጥ የሆነው ናይሎን ወይም ፖሊፕሮፒሊን በመርፌ መያዣ ጥርስ መካከል ሲነከስ በላዩ ላይ ቁስል ይቀርበታል። ይህ ቁስል ለዓይን ባይታይም ክሩ ከቀናት በኋላ በሳል ወይም በትውከት ሲወጠር የሚበጠስበት ቦታ ሊሆን ይችላል። በመሆኑም በሰውነት ውስጥ የሚቀረው የክሩ ክፍል በብረት መሣሪያ መያዝ የለበትም፤ መያዝ የሚገባው ተቆርጦ የሚጣለው ጫፍ ብቻ ነው። ክር ብዙውን ጊዜ የሚበጠሰው በቋጠሮው አጠገብ መሆኑም ከዚሁ የመጣ ነው፤ ቋጠሮ ክሩን አጥፎና ጨምቆ ውጥረትን በአንድ ስፍራ ያከማቻልና።

ሰውነት የሚፈትለው ክር

ሰውነት የመሐንዲሱን ደንብ ከጥንት ጀምሮ ሲሠራበት ኖሯል። ከሰውነታችን ፕሮቲን ውስጥ ሲሶ የሚጠጋው ኮላጅን ነው። የሞለኪዩሉን ቅርጽ፣ ይኸውም እርስ በርስ የተጠማዘዙ ሦስት ሰንሰለቶች መሆኑን፣ በሞዴል ያቀረቡት በሕንድ የማድራስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ራማቻንድራንና ካርታ ሲሆኑ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1954 ነበር። አንዱ ሞለኪዩል 300 ናኖ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ውፍረቱ ከ1.5 ናኖ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ሞለኪዩሎቹ ጎን ለጎን ተደርድረው ቀጭን ክር ይሆናሉ፤ ክሮቹ ተሰባስበው ጥቅል፣ ጥቅሎቹም ተያይዘው ጅማት ወይም ፋሺያ ይሆናሉ። ፋሺያ ማለት ጡንቻን የሚሸፍነው ነጭና ጠንካራ ሽፋን ሲሆን ሆድ ሲሰፋ ሸክሙን የሚይዘው እርሱ ነው፤ ቆዳው አይደለም፣ ጡንቻውም አይደለም።

ጅማት በላቦራቶሪ ሲሳብ የሚያሳየው ባሕርይ ከብረት ይለያል። ኮላጅን በዕረፍት ላይ ሳለ እንደ ተሸበሸበ ፈትል ሞገድ አለው። በመጀመሪያው ሁለት በመቶ ያህል መለጠጥ ሞገዱ ብቻ ስለሚቃና ጅማቱ በቀላሉ ይለጠጣል። ሞገዱ ካለቀ በኋላ ግን ክሮቹ ራሳቸው መሳብ ስለሚጀምሩ ጅማቱ በድንገት ይገትራል። መለጠጡ ከአራት በመቶ አካባቢ ሲያልፍ ጥቃቅን መበጠሶች ይጀምራሉ፤ ከስምንት እስከ አሥር በመቶ አካባቢ ሲደርስ ጅማቱ ይበጠሳል። እንደ ጎማ የሚለጠጠው ሌላው ክር፣ ኤላስቲን፣ ከራሱ ርዝመት እጥፍ በላይ ተለጥጦ ይመለሳል፤ ጥንካሬው ግን ከኮላጅን ጋር የሚወዳደር አይደለም። ቆዳና የደም ሥር ሁለቱን የሚያቀናጁት ለዚህ ነው።

ሌላው ልዩ ባሕርይ ከጊዜ ጋር ያለው ግንኙነት ነው። ሕብረ ሕዋስ በድንገት ሲሳብ ይገትራል፤ በዝግታ ተስቦ ሲያዝ ግን ውጥረቱ እየረገበ ይሄዳል። በአሜሪካ የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ሐኪም የነበሩት ኢግናሲዮ ፖንሴቲ ቆልማማ እግር ይዘው የሚወለዱ ሕፃናትን ያለ ትልቅ ቀዶ ሕክምና ማቃናት የቻሉት ይህን ተረድተው ነው። እግሩ በእጅ በለስላሳው ይሳባል፣ በጀሶ ይያዛል፣ ከሳምንት በኋላም ተፈትቶ ትንሽ ይጨመርለታል። በእነዚያ ቀናት ውስጥ የተቃናው የኮላጅን ሞገድ በአዲሱ ርዝመት ላይ እንደገና ስለሚሠራ ለሚቀጥለው መሳብ ስፍራ ይገኛል። በኃይል አንድ ጊዜ ለማቃናት የሚሞክር እጅ ግን የሚያገኘው የገተረ ጅማትና የተጨፈለቀ የሕፃን አጥንት ነው።

ኮላጅን ተሠርቶ የሚያበቃ ነገር አለመሆኑም ሊዘነጋ አይገባም። ጠባሳ ያረጀ ቢመስልም ዕለት ዕለት እየፈረሰ እየታደሰ የሚኖር አካል ነው። የእንግሊዝ የባሕር ኃይል አዛዥ ጆርጅ አንሰን እ.ኤ.አ. ከ1740 እስከ 1744 ዓለምን በዞረበት ጉዞ መርከበኞቹ በስከርቪ ሲያልቁ፣ ከሃምሳ ዓመት በፊት በጦርነት ቆስሎ የዳነ የአንድ ሰው ቁስል እንደ አዲስ እንደ ተከፈተ በጉዞው ታሪክ ተመዝግቧል። ምክንያቱ ዛሬ ግልጽ ነው፤ ቫይታሚን ሲ ከሌለ የኮላጅን ሦስቱ ሰንሰለቶች ተጠማዝዘው አይጸኑም፤ ማፍረሱ ይቀጥላል፣ ማደሱ ግን ይቆማል። ጆን ክራንደን የተባለ ወጣት የቦስተን ቀዶ ሐኪም ይህንኑ በራሱ ላይ ፈትኖ እ.ኤ.አ. በ1940 አሳትሟል። ቫይታሚን ሲ የሌለው ምግብ እየበላ በሦስተኛው ወር በጀርባው ላይ የተሠራው ቁስል ያለ ችግር ዳነ። በስድስተኛው ወር የተሠራው ግን ከቆዳው በታች አልገጠመም፤ ቫይታሚኑ በደም ሥር ከተሰጠው በኋላ ነበር የዳነው። ከዚህ ሙከራ የሚታየው ቁም ነገር ሰውነት ስንቁ እስኪያልቅ ድረስ ረጅም ጊዜ መቆየቱ ብቻ አይደለም። ከላይ የተዘጋ የሚመስል ቆዳ ከሥሩ ያለውን እንደማይመሰክርም ያሳያል።

ሁለቱ መሥመሮች የሚገናኙበት

ሌቨንሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተሙት ጥናት በአይጦች ቆዳ ላይ የተሠራ ቁስል በየጊዜው እየተሳበ ተለክቷል። በአንደኛው ሳምንት የቁስሉ ጥንካሬ ካልቆሰለው ቆዳ ሦስት በመቶ ያህል ብቻ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት አንድ አምስተኛውን ያህል፣ በሦስተኛው ወር ደግሞ ሰማንያ በመቶ የሚጠጋውን ያገኛል፤ ሙሉ በሙሉ ግን አይመለስም። የፋሺያ አካሄድ ከቆዳም የዘገየ ነው፤ የቀድሞ ጥንካሬውን ግማሽ ለማግኘት ሁለት ወር ያህል ይፈጅበታል። የቆዳ ስፌት በሰባተኛው ቀን ሲነቀል ታካሚው የዳነ ይመስለዋል፤ በዚያ ቀን ሆዱን የያዘው ግን ከውስጥ ያለው ክር ብቻ ነው።

አሁን የክሩን መሥመር ከዚህ ጋር ማስተያየት ይቻላል። ከከብት ወይም ከበግ አንጀት የሚሠራው ተራ ካትጉት ጥንካሬው የሚቆየው ከሰባት እስከ አሥር ቀን ነው፤ ክሮሚክ የሚባለው ደግሞ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ይቆያል። ኢንፌክሽን ባለበት ቁስል ሁለቱም ከዚህ ቀድመው ይሟሟሉ። ቪክሪል በሚባል ስም የሚታወቀው ፖሊግላክቲን በሁለተኛው ሳምንት ሦስት አራተኛውን፣ በሦስተኛው ግማሹን ያህል ጥንካሬ ይዞ ይቆይና በአምስተኛው ሳምንት አካባቢ ምንም አይቀረውም። ለአንጀት፣ ለማሕፀን ወይም ፈጥኖ ለሚድን ሌላ አካል ይህ ይበቃል። ለፋሺያ ግን አይበቃም፤ በአምስተኛው ሳምንት ፋሺያው ገና ግማሽ መንገዱን አልደረሰምና። ፒዲኤስ የሚባለው ፖሊዳዮክሳኖን በአንጻሩ በአራተኛው ሳምንትም ግማሹን ወይም ከዚያ በላይ ጥንካሬውን ይዞ ስለሚገኝ ርክክቡን ለማድረስ ይችላል። ከሆድ መሐል ለሚከፈት ቁስል ቀስ ብሎ የሚሟሟ አንድ ወጥ ክር በተከታታይ ስፌት እንዲሠራ የአውሮፓ የቡአ ማኅበር መመሪያ የሚመክረው በዚሁ ምክንያት ነው። ፒዲኤስ በማይገኝበት ሆስፒታል ናይሎን ወይም ፖሊፕሮፒሊን ቦታውን ሊይዝ ይችላል፤ በአንዳንድ ታካሚዎች ላይ ቋጠሮው የሚያሳምምና መግል የሚያፈስ መሆኑ ጉድለቱ ነው። በመጋዘን የተገኘው ቪክሪል ብቻ ስለሆነ ፋሺያን በእርሱ መዝጋት ግን ችግሩን ለመጪዎቹ ወራት ማስተላለፍ ነው።

አራት እጥፍ

ክሩ ጥሩ ሆኖ ሳለም ስፌት ይከሽፋል። ተመልሶ የተከፈተ ሆድ ሲፈተሽ ብዙ ጊዜ ክሩም ቋጠሮውም ደህና ሆነው ይገኛሉ፤ የተቆረጠው ፋሺያው ነው። በከባድ ዕቃ የተሞላ ፌስታል በእጅ ሲንጠለጠል ቀጭኑ ማንጠልጠያ ጣትን እንደሚቆርጠው ሁሉ፣ የተወጠረ ክርም የያዘውን ሕብረ ሕዋስ ይቆርጣል።

እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ጄንኪንስ ይህን ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ1976 እንደ መሐንዲስ ተመልክቶታል። ሆድ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ሲነፋ የመሐሉ ቁስል ርዝመት እስከ ሠላሳ በመቶ ሊጨምር እንደሚችል ለካ። ስለዚህ በቁስሉ ውስጥ እንደ ጥቅል ሽቦ የተዘረጋው ክር ይህን ጭማሪ የሚያስተናግድ ትርፍ ርዝመት ሊኖረው ይገባል። ስሌቱ የደረሰበት ልክ የክሩ ርዝመት ከቁስሉ ርዝመት ቢያንስ አራት እጥፍ መሆን አለበት የሚል ነው። ይህን ማረጋገጥ ማንም የሚችለው ነገር ነው፤ ከመሥፋት በፊት የነበረው የክር ርዝመት ይታወቃል፣ የተረፈው ይለካል፣ ልዩነቱ ለቁስሉ ርዝመት ይካፈላል። 20 ሳንቲ ሜትር ቁስል ከ80 ሳንቲ ሜትር ያላነሰ ክር ይፈልጋል። እንዲህ ያለ ቁስል በአንድ 75 ሳንቲ ሜትር ክር ተዘግቶ ትርፍም ተቆርጦ ከተጣለ፣ ስፌቱ ሲታይ ምንም ያህል ቢያምር፣ ልኩ አልሞላም። ክርን ለመቆጠብ ሲባል የሚደረግ ጥብቅ ስፌት ከሁሉ የሚወደደው ቁጠባ ነው።

ከዚያ ቀጥሎ የተነሣው ጥያቄ መርፌው ከጠርዙ ምን ያህል ይራቅ የሚል ነበር። ለረጅም ጊዜ ሲሰጥ የኖረው ትምህርት አንድ ሳንቲ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ይላል። ምክንያቱ የሚናቅ አይደለም። ለቁስሉ ጠርዝ ቅርብ የሆነው ኮላጅን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ስለሚፈርስ ክሩ ከዚያ አልፎ መያዝ አለበት ይላል። በተጨማሪም ሊኒያ አልባ የሚባለው የሆድ መሐል መሥመር ክሮቹ በአብዛኛው ወደ ጎን የሚሄዱ ስለሆኑ በመሐል የተሰፋ ክር የሚጎትተው በእነዚያው ክሮች አቅጣጫ ነው። ሸማ ሲሰፋ ለጠርዙ በጣም የተጠጋ ስፌት ማጉን ይዞ እንደሚወጣ፣ ይህም ክር በኮላጅኑ መካከል ሊሾልክ ይችላል።

በሰው ላይ የተደረገው ሙከራ ግን ሌላ ውጤት አመጣ። በስዊድን በሱንድስቫል ከተማ በ737 ታካሚዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመው ጥናት፣ ከጠርዙ ከአምስት እስከ ስምንት ሚሊ ሜትር ብቻ ርቆ ፋሺያውን ብቻ የያዘ ስፌት ከሰፊው ስፌት ጋር ተነጻጸረ። ከአንድ ዓመት ክትትል በኋላ የጠባሳ ቡአ በሰፊው ስፌት 18 በመቶ፣ በትንሹ ግን 5.6 በመቶ ሆኖ ተገኘ። የቁስል ኢንፌክሽንም ከ10.2 ወደ 5.2 በመቶ ወረደ። በኔዘርላንድስ በ560 ታካሚዎች ላይ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው ጥናት ልዩነቱ ጠበብ ያለ ቢሆንም ወደዚያው አመልክቷል፤ 21 በመቶ ከ13 በመቶ።

ምክንያቱን ማስተዋል ይቻላል። ሰፊ ስፌት ከፋሺያው ጋር ጡንቻና ስብ ይይዛል። እነዚህ ለስላሳ አካላት ሲጨመቁ ደም አጥተው ይሞታሉ፤ የሞተው ሲቀልጥ ክሩ ይላላል፣ ጠርዞቹም ይለያያሉ። ስሌቱም ይደግፈዋል። ከጠርዙ አንድ ሳንቲ ሜትር ርቆ በየሳንቲ ሜትሩ የተሰፋ፣ ከጠርዙ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ርቆ በየግማሽ ሳንቲ ሜትሩ ከተሰፋው ጋር የሚፈጀው ክር እኩል ነው፤ ሁለቱም አራት እጥፍ አካባቢ ናቸው። የስፌቶቹ ቁጥር ግን በሁለተኛው እጥፍ ስለሚሆን እያንዳንዱ ስፌት የሚሸከመው ጫና በግማሽ ይቀንሳል። ለዚህም ነው በኔዘርላንድሱ ጥናት በትንሹ ስፌት ከተለመደው የቀጠነ ባለ 2-0 ክር የበቃው። የቀጫጭን ክሮች ኅብረት እዚህም ሠራ ማለት ነው።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው አንድ ነገር አለ። ሁለቱ ጥናቶች በዋናነት የሚመለከቱት ቀጠሮ ተይዞላቸው የተሠሩ ታካሚዎችን ነው። አንጀቱ ተበስቶ መግል በሆዱ የሞላ፣ ሰውነቱ የመነመነና በሌሊት የሚመጣ ታካሚ ከእነዚያ ጋር አንድ አይደለም። ለእርሱ የማያሻማው የአራት እጥፉ ልክና የክሩ ዓይነት ነው፤ የንክሻው ስፋት ላይ የሚሰጠው ማስረጃ ከዚያ የሳሳ ነው።

በዎርድ ያሉ ነርሶች ድርሻ ደግሞ ከመቀስ አይተናነስም። ሆድ ተመልሶ የሚከፈተው በአብዛኛው ከአምስተኛው እስከ አሥረኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው፤ ከዚያ በፊት ብዙ ጊዜ ደም የቀላቀለ ሮዝ መሳይ ፈሳሽ ፋሻውን ያርሳል። ይህን ያየ ፋሻ ቀይሮ ማለፍ የለበትም፤ ሐኪም ሊጠራ ይገባል። ለታካሚው የሚሰጠው ምክር እንስራና እንጨት አለመሸከም ላይ ብቻ የሚያተኩር ከሆነም ጎዶሎ ነው። ማሳል በሆድ ውስጥ የሚፈጥረው ግፊት መጠነኛ ዕቃ ከማንሣት ይበልጣል። በመሆኑም ቀጠሮ የተያዘለት ታካሚ ሥር የሰደደ ሳል ካለበት ሳሉ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ሊታከም ይገባዋል።

ርክክቡ ከሽፎ ቡአ ሲወጣ ወይም ከመጀመሪያውም በብሽሽት በኩል ሲኖር፣ ከሁለቱ ክሮች ሌላ ሦስተኛ ይመጣል፤ ይኸውም በሰው ሠራሽ ክር የተሠራ መረብ ነው። ፍራንሲስ አሸር የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም የፖሊፕሮፒሊን መረብን ካስተዋወቀ ወዲህ ኮላጅን በዓይኖቹ መካከል እያደገ መረቡን የራሱ ያደርገዋል። የመጀመሪያዎቹ መረቦች ሆድ ከሚጠይቀው እጅግ የበለጠ ጥንካሬ ነበራቸው፤ ውጤቱም የገተረ ሆድና ሕመም ስለሆነ በኋላ የቀለሉና ዓይናቸው የሰፋ መረቦች ተሠሩ። ዋጋቸው ግን ለድሃ አገር ሆስፒታል የሚቀመስ አይደለም። በዩጋንዳ በ302 ወንዶች የብሽሽት ቡአ ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ጥናት ለዚህ መልስ ፈልጓል። ለአጎበር ከሚሠራ የፖሊኤትሊን መረብ ተቆርጦና ከጀርም ጸድቶ የገባላቸው ታካሚዎች ከንግዱ መረብ ጋር ሲነጻጸሩ፣ ከአንድ ዓመት በኋላ በመጀመሪያዎቹ አንድ ሰው ብቻ፣ በሁለተኞቹ ማንም ቡአው አልተመለሰበትም፤ ሌሎች የጎንዮሽ ችግሮችም ተቀራራቢ ነበሩ። ይህ ማለት ከገበያ የተገዛ ማንኛውም አጎበር ይሆናል ማለት አይደለም። በፀረ ትንኝ መድኃኒት የተነከረው ፈጽሞ አይሆንም፤ የክሩ ዓይነት፣ የዓይኑ ስፋትና የማጽጃው ሙቀት ተለክተው የታወቁ መሆን አለባቸው። ውጤቱም የብሽሽት ቡአን የሚመለከት ነው እንጂ በሆድ መሐል ጠባሳ በኩል ለወጣው ቡአ አልተፈተነም።